ነጥብ ብቻ ሆኖ የሚታይ አካል ደመና እንዳለው በምን ይታወቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቡናማ ድንክ የሚባሉት አካላት በትልቁ ቴሌስኮፕ እንኳ ከአንዲት የብርሃን ነጥብ በላይ ሆነው አይታዩም፤ ታዲያ «የሲሊኬት ደመና አላቸው»፣ «ሜቴን ተገኘባቸው»፣ «ከባቢ አየራቸው ይናወጣል» የሚባለው ከምን ተነሥቶ ነው? ሥራው ሁሉ በኢንፍራሬድ፣ ዓይን ከሚያየው ቀይ ብርሃን ባለፈው የማይታይ ብርሃን፣ የሚሆነውስ ለምንድን ነው? ከሚባለው ውስጥ ምን ያህሉን ልመን?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ማንሳትዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው አይጠይቃትም። መልሴን ቀድሜ ልናገር። የትኛው ጋዝ እንዳለ የሚነገረውን ይመኑ። የጋዙ መጠን ስንት እንደሆነ የሚነገረውን በጥንቃቄ ይያዙት። ደመናው በየትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚወፍር የሚነገረውን ግን ክርክሩ እንዳላለቀ ጉዳይ ይስሙት። የልዩነቱ ምክንያት በኢንፍራሬድ የምንለካው እያንዳንዱ ቁጥር በአንድ ጊዜ ስለ ሁለት ነገር የሚናገር መሆኑ ነው፤ ስለ ጋዙና ስለ ጥልቀቱ። ሁለቱን መለየት ነው ዋናው ራስ ምታት።

ቡናማ ድንክ ምንነቱን በአጭሩ ልለፈው። እንደ ኮከብ ከጋዝ ደመና ተኮማትሮ የተወለደ፣ ነገር ግን ግዝፈቱ ያልበቃው አካል ነው። በእምብርቱ ሃይድሮጂንን ያለማቋረጥ ለማዋሐድ ከ75 እስከ 80 ጁፒተር የሚሆን ግዝፈት ያስፈልጋል፤ እነዚህ ከዚያ በታች ናቸው። ከ13 ጁፒተር ገደማ በላይ የሆኑት ዲዩቴሪየማቸውን (ከባዱን የሃይድሮጂን ዓይነት) ለጥቂት ጊዜ ይጠቀሙበታል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ መቀዝቀዝ ነው። ስፋታቸው ከጁፒተር ብዙም አይርቅም። 70 ጁፒተር የሚመዝነውም 20 የሚመዝነውም፣ ዕድሜያቸው ከገፋ፣ በስፋት ተቀራራቢ ናቸው። ይህችን ያዝ ያድርጓት፤ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ኢንፍራሬዱ። አንድ ትኩስ አካል አብዝቶ የሚያበራበት የሞገድ ርዝመት በሙቀቱ ይወሰናል፤ 2,898ን በኬልቪን በተለካው ሙቀት ቢያካፍሉት መልሱ በማይክሮን (በሚሊሜትር ሺህኛ) ይወጣል። ፀሐይ 5,800 ኬልቪን ገደማ ስለሆነች 0.5 ማይክሮን ላይ ትወድቃለች፤ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ነው። 1,000 ኬልቪን የሆነ ቡናማ ድንክ 2.9 ማይክሮን ላይ ይወድቃል። እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀዝቃዛው ዋይዝ 0855 ነው፤ ኬቨን ሉማን እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው፣ ከኛ 7.4 የብርሃን ዓመት ብቻ የሚርቅ። የሙቀቱ ግምት ከ250 እስከ 285 ኬልቪን ነው፤ ውሃ በረዶ በሚሆንበት ሙቀት ዙሪያ ማለት ነው። ይህ አካል በ4.6 ማይክሮንና በ1.25 ማይክሮን ያለው የድምቀት ልዩነት በሥነ ፈለክ መለኪያ ከ10 ማግኒቲዩድ ይበልጣል፤ ከ10,000 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለዚያውም ጎረቤታችን ነው። በዓይን ብርሃን የሚፈልገው ሰው ከነጭራሹ አያገኘውም።

ይህ ግን ምክንያቱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሞለኪውሎቹ ናቸው። ውሃ፣ ሜቴን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አሞኒያ ሲንቀጠቀጡና ሲሽከረከሩ የሚውጡት ብርሃን በአብዛኛው ከ1 እስከ 15 ማይክሮን ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። አካሉ የሚያበራበትና ጋዞቹ አሻራቸውን የሚተዉበት ክልል አንድ ሆነ ማለት ነው። የሌላ ኮከብ ፕላኔት የሚያጠኑ ባልደረቦቻችን ከዚህ በተጨማሪ የኮከቡን ነጸብራቅ መከላከል አለባቸው፤ አብዛኞቹ ቡናማ ድንኮች ግን ብቻቸውን ናቸው። የጁፒተር ዘመድ የሆነ ከባቢ አየር፣ ያለ ጣልቃ ገብ ብርሃን። የፕላኔት ከባቢ አየር ሞዴሎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ የሚፈተኑት ለዚህ ነው።

ዋናው ነገር ጥልቀቱ ነው፤ ብዙ ጽሑፍ የሚዘልለውም እሱን ነው። ቡናማ ድንክ ወለል የለውም። ወደኛ የሚመጣው ብርሃን የሚነሣው ጋዙ ብርሃን ማሳለፍ ከሚጀምርበት ከፍታ ነው፤ ይህ ከፍታ ደግሞ በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ይለያያል። ውሃ አጥብቆ በሚውጠው ሞገድ የምናየው ከላይ ያለውን ስስና ቀዝቃዛ ንብርብር ብቻ ነው። ውሃም ሜቴንም በማይውጡት ሞገድ ግን እይታችን ወደ ታች ይዘልቃል፤ ግፊቱ ብዙ ባር (አንድ ባር የምድር አየር በባሕር ወለል ያለው ግፊት ያህል ነው) ወደሚደርስበት፣ ከላይኛው ይልቅ በብዙ መቶ ዲግሪ ወደሚሞቀው ስፍራ። ስፔክትረሙ ላይ፣ ማለትም ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል እንደሆነ በሚያሳየው መስመር ላይ፣ ያለው ጉድጓድ እንግዲህ «እዚህ ጋዝ አለ» ብቻ አይልም፤ «እዚህ ሞገድ ላይ የምታየው ላዩን ነው» ይላል። ጉብታው ደግሞ «እዚህ ወደ ውስጥ ገብተሃል» ይላል።

ነገሩን ገልብጠው ቢያዩት ይበልጥ ይገባል። ሙቀቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ቢሆን ኖሮ፣ የውሃ ተኑ የቱንም ያህል ቢበዛ ጉድጓድ አይታይም ነበር። ላይኛው ንብርብር ከታችኛው ይበልጥ ቢሞቅ ደግሞ ጉድጓዱ ወደ ጉብታ ይለወጣል። ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። ደብልዩ 1935 የተባለ፣ 480 ኬልቪን ገደማ የሆነ፣ ምንም ኮከብ በአጠገቡ የሌለው ቡናማ ድንክ ላይ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሜቴንን በ3.3 ማይክሮን አካባቢ ሲያበራ አገኘው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታተመ። በሌሎቹ ሁሉ ሜቴን እዚያ ላይ ብርሃን ይውጣል፣ በዚህኛው ያመነጫል። ላዩን የሚያሞቀው ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። በጁፒተር ዋልታዎች ላይ እንደሚሆነው የአውሮራ ክስተት ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። የሚያሞቅ ኮከብ በሌለበት ኃይሉ ከየት ይመጣል? ጨረቃ ሊኖረው ይችላል የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ እኔ ግን ማስረጃ እስኪመጣ ከሐሳብ አላሳልፈውም።

አንድ ስፔክትረም አብረን እንይ። 700 ኬልቪን ገደማ የሆነ፣ ቲ8 የሚባለው ክፍል ውስጥ ያለ ቡናማ ድንክ ፊታችን ላይ ተዘርግቷል እንበል። ከግራ፣ ከ1 ማይክሮን ስንጀምር መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። ከ1 በታች ያለውን ብርሃን የዋጠው ፖታሲየም ነው፤ ዋናው መስመሩ ያለው 0.77 ላይ ቢሆንም ግፊቱ ክንፎቹን እጅግ አስፍቷቸው እስከዚህ ድረስ ይደርሳሉ። ከዚያ ዝቅ ብሎ 1.27 ላይ ቀጥ ያለ ሹል ጫፍ ይነሣል፤ ከጥልቁ የሚመጣው ብርሃን ይህ ነው። 1.4 ላይ ውሃው ጥርግ አድርጎ ይውጠዋል። 1.58 ላይ ሁለተኛ ጫፍ ይነሣል፣ ግን ከ1.6 በኋላ በሜቴን በአንድ በኩል ተቆርጦ የተሸረፈ ይመስላል። 2.1 ላይ ያለው ሦስተኛው ጫፍ ከሁሉም ያነሰ ነው። እዚህ ቦታ ብርሃኑን የሚያዳክመው የሃይድሮጂን ሞለኪውሎች እርስ በርስ መጋጨት ሲሆን፣ ግጭቱ በግፊት ስለሚበረታ የዚህ ጫፍ ማነስ የከባድ ስበት ምልክት ነው። 3.3 ላይ ሜቴን ባዶ ሊባል እስኪቃረብ ያወርደዋል። ከ4 እስከ 5 ባለው ክልል ትልቁ ጉብታ ይመጣል፤ 4.2 እና 4.3 መካከል የካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 4.6 አካባቢ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጭረት ይዞ። 10.5 አካባቢ አሞኒያ ይታያል። የዋይዝ ሳተላይት የ3.4 እና የ4.6 ማይክሮን ማጣሪያዎቹ ጎን ለጎን የተቀመጡት ይህን ለመጠቀም ነው፤ በአንዱ ጠፍቶ በሌላው ደምቆ የሚታይ ነጥብ ካለ ቀዝቃዛ ቡናማ ድንክ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ዋይ የተባለው ከሁሉ የቀዘቀዘው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ክፍሎቹን ካነሣን አይቀር፦ ከኤም (ከቀዝቃዛዎቹ ኮከቦች ክፍል) ቀጥሎ ኤል፣ ከኤል ቀጥሎ ቲ፣ ከቲ ቀጥሎ ዋይ ይመጣል። ኤል በግምት ከ2,200 እስከ 1,300 ኬልቪን፣ ቲ ከዚያ እስከ 500 አካባቢ፣ ዋይ ከዚያ በታች። ከኤም ወደ ኤል ሲወርዱ የቲታኒየም ኦክሳይድ አሻራ ይጠፋል። ቲታኒየሙ የትም አልሄደም፤ ከካልሲየምና ከመሰሎቹ ጋር ጠጣር ማዕድን ሆኖ ከጋዙ ወጥቷል። ብረትና ሲሊኬትም በየሙቀታቸው ጠጥረው ደመና ይሆናሉ። «የአሸዋ ደመና» የሚባለው ይህ ነው፤ ማግኒዚየም ያለበት ሲሊኬት፣ የቅንጣቱ መጠን ከማይክሮን ብዙም የማይበልጥ።

ደመናው መኖሩን መጀመሪያ ያስጠረጠረው በቀጥታ መታየቱ አልነበረም፤ የማይገጥም ቁጥር ነበር። የኤል ክፍል አካላት ሲቀዘቅዙ እየቀሉ ይሄዳሉ፤ በ2.2 ማይክሮን ያለው ብርሃናቸው ከ1.25 ጋር ሲነጻጸር እየበለጠ ይመጣል። 1,300 ኬልቪን አካባቢ ሲደርሱ ግን በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ይበልጥ የቀዘቀዘው አካል በ1.25 ማይክሮን ላይ ከሞቀው ይልቅ ይደምቃል! የጨመረ ሙቀት የለም። የተለወጠው የምናይበት ጥልቀት ነው፤ ጥልቁን የሸፈነው ደመና ተሰነጣጥቋል ወይም ከእይታችን በታች ሰጥሟል፣ በስንጥቁም የታችኛው ሙቀት ይወጣል። ይህ የደመናው ማብራሪያ ነው። ፓስካል ትረምብላን እና ባልደረቦቹ ግን ደመና ሳያስፈልግ፣ የሙቀቱ አወራረድ በኬሚካዊ አለመረጋጋት ምክንያት ቢለሳለስ፣ ይህንኑ የቀለም ለውጥ ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። የከባቢ አየሩ ሙቀት ከላይ ወደ ታች ቶሎ የማይጨምር ከሆነ፣ ወደ ጥልቁ ብናይም የሚጠብቀንን ሙቀት አናገኝም፤ ደመና የሸፈነው ይመስላል።

ይህን ክርክር ከ1 እስከ 2.5 ማይክሮን ባለው ብርሃን ብቻ መፍታት አይቻልም። የሚረዳው 10 ማይክሮን ነው፤ ሲሊኬት ራሱ፣ ጠጣሩ ቅንጣት፣ ከ8 እስከ 11 ማይክሮን ባለው ክልል የራሱ የሆነ ሰፊ ጉድጓድ አለው። ስፒትዘር የተባለው የኢንፍራሬድ የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ይህን ጉድጓድ በኤል አካላት ላይ አየው። በኋላም የስፒትዘር ስፔክትረሞች በአንድነት ሲመረመሩ ጉድጓዱ በኤል ክፍል መካከል ላይ ጎልቶ፣ ወደ ቲ ሲቃረብ እንደሚጠፋ ተረጋገጠ። በምድር ወገባቸው በኩል የምናያቸው አካላት በዋልታቸው በኩል ከምናያቸው ይበልጥ ደመናማ ሆነው መገኘታቸውም ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ጄምስ ዌብ ቪኤችኤስ 1256 ቢ በተባለው አካል ላይ ውሃን፣ ሜቴንን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ሶዲየምን፣ ፖታሲየምንና የሲሊኬት ደመናን በአንድ ተከታታይ ስፔክትረም አሳየን። ስለዚህ ደመና አለ ወይስ የለም የሚለው ለኤል አካላት ተዘግቷል ብዬ እቆጥረዋለሁ። ያልተዘጋው የቀለሙ ለውጥ ሁሉ የደመና ሥራ ነው ወይ የሚለው ነው፤ የትረምብላን ሐሳብም ዋጋ አለው እላለሁ።

ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ምክንያቱም የከባቢ አየሩን እንቅስቃሴ የምናውቀው በእሱ ነው። ካርቦን በሙቁ ጥልቅ ውስጥ በአብዛኛው ሞኖክሳይድ ሆኖ ይኖራል፣ በቀዝቃዛው ላይኛ ክፍል ደግሞ ሜቴን መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነው ግሊዜ 229 ቢ ሜቴን በግልጽ ከታየባቸው ቡናማ ድንኮች የመጀመሪያው ነው፤ ሙቀቱ 900 ኬልቪን አልፎ ጥቂት ነው። በዚህ ሙቀት ሞኖክሳይድ ከቁጥር የሚገባ መጠን ሊኖረው አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በ4.7 ማይክሮን ሲታይ ግን ከተጠበቀው እጅግ በዝቶ ተገኘ። ምክንያቱ፦ ጋዙ ከታች ሽቅብ የሚገፋው የሞኖክሳይዱ ወደ ሜቴን የመለወጥ ሂደት ከሚፈልገው ጊዜ ቀድሞ ነው። ላይ ሲደርስ ቀዝቅዟል፤ በቀዝቃዛ ስፍራ ደግሞ ለውጡ ስለሚዘገይ እንደሞኖክሳይድ ይቀራል። እንግዲህ የዚህ ጋዝ መጠን የሽቅብ ንጠቱን ፍጥነት ይነግረናል። ከነጥብ ላይ ነፋስ መለካት ማለት ይሄ ነው። ናይትሮጂንና አሞኒያም እንዲሁ ናቸው።

መሬት ላይ ሆነን ስንሠራ ያለውን ችግር በአጭሩ ላንሳ። የምንፈልገው ውሃ በራሳችን ከባቢ አየር ውስጥም አለ፤ 1.4ን እና 1.9ን የሚዘጋብን እሱ ነው። ስለዚህ ዒላማውን በመሣሪያው ስንጥቅ ላይ በሁለት ቦታ እያፈራረቅን እናነሣና አንዱን ከሌላው እንቀንሳለን፤ የሰማዩ ብርሃን በዚህ ይወገዳል። ከዚያም በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ያለ፣ ስፔክትረሙ ከሃይድሮጂን መስመሮች በቀር እምብዛም ምልክት የሌለው ነጭ ኮከብ አንሥተን የከባቢ አየራችንን አሻራ እናካፍላለን። ከ3 ማይክሮን በኋላ ደግሞ ቴሌስኮፑ ራሱ፣ 280 ኬልቪን ገደማ የሆነ ብረትና መስታወት፣ ማብራት ይጀምራል። ሆኖም ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዋይዝ 0855 ስፔክትረም በሃዋይ ካለው የጄሚናይ ቴሌስኮፕ በ5 ማይክሮን አካባቢ የተወሰደ ሲሆን የውሃ ተን አሳይቷል። ጄምስ ዌብ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎሜትር ርቆ፣ በፀሐይ መከላከያው ጥላ ሥር፣ የመካከለኛ ኢንፍራሬድ መሣሪያው ከ7 ኬልቪን በታች ቀዝቅዞ ሲሠራ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በአንድ አካል ላይ ከ1 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ክልል ሳይቋረጥ መገኘቱ ከጥራቱም በላይ የጠቀመን ይመስለኛል፤ ጥልቀቶቹን ሁሉ በአንድ ላይ ይሰጠናልና።

ነጥብን ወደ ካርታ የሚለውጠው ደግሞ ጊዜ ነው። ቡናማ ድንኮች በሰዓታት ውስጥ ይሽከረከራሉ። ፊታቸው ዥጉርጉር ከሆነ ብርሃናቸው ከሽክርክሪታቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሲምፕ 0136 በየ2.4 ሰዓቱ ይዞራል፣ በ1.25 ማይክሮን ያለው ብርሃኑም በጥቂት በመቶ ይለዋወጣል። 6.5 የብርሃን ዓመት ብቻ የሚርቀው ሉማን 16 ቢ በየ5 ሰዓቱ ገደማ ይዞራል፤ ለእሱ ሌላ ዘዴ ሠርቷል። በ2.3 ማይክሮን አካባቢ ያሉት የካርቦን ሞኖክሳይድ መስመሮች በሽክርክሪቱ ይሰፋሉ፤ አንድ ጨለማ ቦታ ወደኛ ከሚመጣው ጠርዝ ተነሥቶ ወደሚርቀን ጠርዝ ሲሻገር፣ በመስመሩ ቅርጽ ውስጥ ትንሽ ጉብታ ከሰማያዊው ወደ ቀዩ ወገን ይሻገራል። ተመራማሪዎች ይህን ተከታትለው በቺሊ ካለው ትልቁ የአውሮፓ ቴሌስኮፕ የሠሩት የብሩህና የጨለማ ቦታዎች ካርታ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። አካሉ አሁንም ነጥብ ነው፤ ካርታው ከሂሳብ የወጣ ነው።

የብርሃኑን ለውጥ በተለያየ ሞገድ አንድ ላይ መለካት ከዚያም ያልፋል፤ በአንዱ ሞገድ ሲደምቅ በሌላው ዘግይቶ ከደመቀ፣ ብሩሁ ቦታ በተለያየ ጥልቀት የተለያየ አቀማመጥ አለው ማለት ነው። በሃብልና በስፒትዘር አንድ ላይ በተደረገ ምልከታ ይህ መዘግየት መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል።

አሁን ወደ መታመኑ ጉዳይ። ስፔክትረሙ ከተገኘ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀድመው የተሰሉ ሞዴሎችን ደርድሮ የሚገጥመውን መፈለግ ነው። ሁለተኛው ከስፔክትረሙ ተነሥቶ የሙቀቱን አወራረድ፣ የጋዞቹን መጠን፣ የደመናውን ከፍታና ስበቱን በነፃነት ማስላት ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሙከራዎች በኮምፒውተር ይደረጋሉ። ሁለተኛው ብዙ ነፃነት አለው፣ ችግሩም ነፃነቱ ነው። የደመና ውፍረትና የሙቀት አወራረድ እርስ በርስ ይተካካሉ፤ የጋዝ መጠንና ስበትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ነው ቀደም ሲል ያዝ ያድርጓት ያልኩዎት የምትጠቅመው፦ ስፋቱ ከጁፒተር ብዙ መራቅ የለበትም። ስሌቱ ከጁፒተር ስፋት 0.6 ወይም 0.7 የሚሆን አካል ከሰጠ፣ ሌላው ቁጥር ሁሉ ቢያምርም የሆነ ነገር እንደተሳሳተ ይገባናል። ይህ በተግባር ደጋግሞ ያጋጥማል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጠረው ደመናው በስሌቱ ውስጥ በትክክል አለመወከሉ ነው።

በሲምፕ 0136 ላይ የሆነውን ይመልከቱ። ጄምስ ዌብ ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ ተከታተለው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የመጀመሪያው ትንተና የብርሃን ለውጡ በየሞገዱ የተለያየ ቅርጽ እንዳለው አሳይቶ፣ ከታች የተበታተነ የብረት ደመና፣ ከሱ በላይ የሲሊኬት ደመና፣ ከሁለቱም በላይ የሞቁ ቦታዎች አሉ አለ። በዚያው ዓመት በዚያው መረጃ ላይ የተሠራ ሌላ ትንተና ደግሞ ደመናው ከዙሩ ጋር እምብዛም እንደማይለወጥ፣ የሚለወጠው በጥቂት ዲግሪ የሚቆጠር የሙቀት ልዩነት እንደሆነና ላይኛው ክፍል በአውሮራ እንደሚሞቅ ደመደመ። ሁለቱም ሥራዎች በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ውሃ፣ ሜቴን፣ ሞኖክሳይድ መኖራቸው ላይ ጠብ የለም። ጠቡ ያለው ደመናው ላይ ነው። እኔ ለጊዜው ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ግን ሌላ አካል ላይ ሲደገም ሳላይ አልወራረድበትም።

ከዚህም የሚያስተምረው ራሱ ግሊዜ 229 ቢ ነው። የስበት ውጤቱ ሲለካ ግዝፈቱ 71 ጁፒተር ገደማ ሆነ፤ ይህን ያህል የሚመዝን አካል ደግሞ እንዲህ ሊደበዝዝ አይገባውም ነበር። የማቀዝቀዣ ሞዴሎቹ ስህተት ናቸው ወይ ተብሎ ብዙ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2024 እውነቱ ወጣ፦ ሁለት ናቸው! አንዱ 38፣ ሌላው 34 ጁፒተር የሚመዝኑ፣ በየ12 ቀኑ እርስ በርስ የሚዞሩ። ለ29 ዓመት የአንድ አካል ተብሎ የተተነተነው ስፔክትረም የሁለት ድምር ነበር። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ያስተውሉ። ሜቴኑ፣ ውሃው፣ ከሚዛን ውጭ የበዛው ሞኖክሳይድ ንቅንቅ አላሉም። እንደገና መሰላት ያለባቸው ስበቱ፣ ግዝፈቱና የጋዞቹ ትክክለኛ መጠን ናቸው። መጀመሪያ ላይ የሰጠሁዎት የመታመን ደረጃ የወጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

«ጋዙ ተገኘ» የሚለውም ቢሆን አንድ ጉድጓድ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ይጠርጥሩት። ለዚህ የሚመቸው ምሳሌ ፎስፊን፣ የፎስፈረስና የሃይድሮጂን ጋዝ፣ ነው። ጁፒተር ላይ አለ፤ በቀዝቃዛ ቡናማ ድንኮችም በብዛት መታየት ነበረበት። ምልክቱ የሚጠበቀው በ4.3 ማይክሮን አካባቢ ሲሆን ያ ቦታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሻማበት ነው፤ ሁለቱን ለመለየት ጥሩ የመለየት አቅም ያለው ስፔክትረም ያስፈልጋል። በዋይዝ 0855 ላይ የተገኘው በቢሊዮን አንድ ገደማ ብቻ ነው፣ ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ፤ በአብዛኞቹ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ዎልፍ 1130 ሲ ላይ በጄምስ ዌብ በግልጽ ታየ፤ መጠኑ በቢሊዮን 100 ገደማ፣ ሞዴሎቹ ይኖራል ያሉት ያህል። ይህ አካል ከሃይድሮጂንና ከሂሊየም የከበዱ ንጥረ ነገሮች ያነሱበት ነው፤ ኦክስጅን ሲያንስ የሚሻማው ዳይኦክሳይድም ያንሳል፣ ፎስፈረሱም ወደ ኦክሳይድ ሳይለወጥ ይቀራል የሚል ማብራሪያ ቀርቧል። ታዲያ በሌሎቹ ላይ ፎስፈረሱ በየትኛው ውህድ ውስጥ ተደብቋል? የኬሚስትሪ ሞዴሎቹ ለአንዱ ሠርተው ለሌሎቹ የማይሠሩበት ምክንያት ገና አልተገኘም፤ ቀጣዩ ሥራ በከባድ ንጥረ ነገሮች ድሃ የሆኑ ሌሎች ቀዝቃዛ አካላትን ፈልጎ ያችኑ 4.3 ማይክሮን መመልከት ነው።